አሥራ አራተኛው ጥያቄ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2017

ይህ ደብተር ከሐዋሳው ሥልጠና የተረፈኝ ነው። ሽፋኑ ላይ «የሙያ ዝንባሌና የሥራ መረጣ» የሚል ጽሑፍ ስላለበት የገበያ ዝርዝር መጻፊያ ላደርገው ሆዴ እምቢ አለ። ስለዚህ የሥራ ማስታወሻ ይሆናል። የሥራ ብቻ።

ዛሬ መጠይቆቹ መጡ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ቅጂ፣ ለአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች በሙሉ። እኛ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ነገር ሲደረግ የመጀመሪያው ነው። የማደርገውም እኔ ፈጠነች ነኝ፣ የምክር አገልግሎት ክፍሉ ኃላፊም፣ ሠራተኛም፣ ተላላኪም። ስልሳ ጥያቄ ነው። ተማሪው ቢሠራው ደስ የሚለው ነገር ላይ በእርሳስ የራይት ምልክት ያደርጋል፣ የማይፈልገውን ባዶ ይተወዋል። ጥያቄዎቹ በስድስት ይመደባሉ፦ በእጅ መሥራት፣ መመርመር፣ መፍጠር፣ ሰው መርዳት፣ መምራት፣ ማደራጀት። ብዙ ምልክት ያገኘው ምድብ የልጁን መንገድ ያሳያል። ከዚያ በዓመቱ መጨረሻ መስክ ሲመርጡ በጭፍን አይገቡም።

በዚህ ሥራ ዐይን አለኝ፤ ልኩራራ፣ ማንም አያነበውም። የቀድሞ ተማሪያችን ቃለሕይወት ሒሳብ በወደቀ ቁጥር አባቱ ከቤት ሊያባርረው ደርሶ ነበር። ልጁ በእረፍት ሰዓት የጓደኞቹን ፀጉር ሲያስተካክል ያየሁት እኔ ነኝ። አባቱን ሦስት ጊዜ ቢሮ ጠርቼ ያሳመንኩትም እኔ ነኝ። ዛሬ መናኸሪያው አጠገብ ሁለት ወንበር ያለው ፀጉር ቤት አለው፤ ባለቤቴም የሚቆረጠው እሱ ጋ ነው።

ባለቤቴ ሚልክያስ መጠይቁን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ «ለሰው ልጅ ደግሞ ሚዛን ተገኘለት?» አለኝ። ይቀልድ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 8

አምስት ክፍል አስሞላሁ። ድምፄ ሄዷል።

«ቲቸር፣ ትክክለኛ መልሱ የትኛው ነው?» ይህን ሳልሰማ የወጣሁበት ክፍል የለም። ትክክለኛ መልስ የለውም፣ የምትወዱትን ብቻ ስላቸው ይባስ ግራ ገባቸው። ምን ትወዳላችሁ ተብለው የተጠየቁ አይመስሉም። አንዷ ደግሞ «ዶክተር ለመሆን የትኞቹ ላይ ነው ምልክት የሚደረገው?» አለችኝ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የእኔዋ ልጅ ሶልያና አይደለችም።

ጥያቄ ቁጥር 14 ላይ ስደርስ ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። «ከሸክላ ጭቃ ዕቃ መሥራት» ይላል። ከኋላ አንዱ ያንን ስም ጮክ ብሎ ጠራ፣ ሸክላ ሠሪዎች የሚሰደቡበትን። እዚህ አልጽፈውም።

መጠይቁን ያዘጋጀው ሰው ወላይታን አያውቅም። እዚህ ሸክላ የሙያ ጉዳይ ሳይሆን የዘር ጉዳይ ነው። በድሮው ልማድ ሸክላ ሠሪ ከሌላው ጋር ከአንድ ገበታ አይበላም፣ አይጋባም። ዛሬ በቤተ ክርስቲያን አንድ አግዳሚ ላይ እንቀመጣለን፣ አንድ መዝሙር እንዘምራለን። ጋብቻ ሲመጣ ግን ሽማግሌዎቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ከነማን ናት?» ይላሉ።

«አሥራ አራትን ዝለሉት» አልኩ። ማለት አልነበረብኝም፤ ሥልጠናው ላይ አንድም ጥያቄ አይዘለልም ተብለናል። ግን ጊዜ ቆጠበልኝ። በቀሩትም ክፍሎች እንዲሁ አልኩ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ

እናቴ ከቦዲቲ መጣች። አዬ ነው የምላት። ቅቤ ይዛ መጣች፣ በባጃጅ ተንገላታ እንኳ ሳቋ አይለያትም። ሚልክያስ ሥጋውን ራሱ ቆረጠ፣ ሶልያና የቃሪያውን ዳጣ ፈጨች፣ ቤቱ ሞቅ ብሎ ዋለ።

አዬ እንደ ልማዷ ጥግ ይዛ በራሷ ሳህን በላች። ጨጓራዋ ነው። ከሠርጌ ጀምሮ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ጨጓራዋ ነው። ሚልክያስም «እማማ አልጋነሽ፣ ኧረ ሐኪም ቤት እንውሰድዎት» ማለት አይሰለቸውም።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 15

እርማት ላይ ነኝ። የሶልያናን ቅጽ ለርዕሰ መምህራችን ለአቶ ጸሐዬ ሰጠሁት፣ እሳቸው ያርሙት። ነገ አንድ ሰው እናት ለልጇ አደላች እንዲል አልፈልግም። እጄ ንጹሕ ይሁን።

ከሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ 14ን ሦስት መቶ አሥራ አንዱ ባዶ ትተውታል። አንዷ ምልክት አድርጋለች። ብሩክታይት ጩማ፣ ከሐ ክፍል። ዝለሉት እያልኩ አልዘለለችውም። ምልክቱን ሁለት ጊዜ ደግማበታለች፣ ወረቀቱ ሊቀደድ ምንም አልቀረው፤ ከጎኑም በትንንሽ ፊደል «በጣም» ብላለች።

ልጅቷን ክፍል ውስጥ አይቻታለሁ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ጥፍሮቿ ሥር ሁልጊዜ ቆሻሻ ያለ የሚመስል። እንግዲህ ከነማን እንደሆነች ገባኝ። ምስኪን! እንዲህ ያለ ነገር በትምህርት ቤት መዝገብ ከሰፈረ ዕድሜ ልኳን ይከተላታል። ዛሬ ልጅ ናት፣ አይገባትም፤ ነገ ግን የሚያስለቅሳት ይኸው ወረቀት ነው።

አስተካከልኩት። ላጲስ በቂ ነበር። «በጣም» የሚለውም ለቀቀ። 14 ብቻውን ቢጠፋም ውጤቷ ያው በእጅ መሥራት ስለሚሆን ሌሎች ሦስት ምልክቶችም አነሣሁ። አሁን የሚመራው «ማደራጀት» ነው። ሒሳብ መዝገብ፣ ባንክ፣ ቢሮ። ንጹሕ ሥራ። አንድ ቀን ታመሰግነኛለች።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 16

የትናንቱን አነበብኩት። «አስተካከልኩት» ትክክለኛው ቃል ነው። ለልጅቷ ብዬ ነው። ቸኩያለሁ፣ ስብሰባ አለ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 22

አቶ ጸሐዬ ቢሮዬ መጡ። ከሽሬ ተመድበው ከመጡ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው፣ እኔ በአንድ ትንፋሽ የምናገረውን እሳቸው በሦስት ይጨርሱታል። ደብዳቤ ይዘዋል። እዚህ ከተማ ያለ አንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አዲስ የሴራሚክ፣ ማለትም የዘመናዊ ሸክላ፣ ክፍል ሊከፍት ነው። ሙሉ ወጪ ኮሌጁ ይችላል፣ ሦስት ዓመት፣ ምድጃ፣ የወለል ንጣፍ፣ የውሃ ማጣሪያ፣ የላቦራቶሪ ዕቃ ሳይቀር መሥራት ያስተምራል። ከየትምህርት ቤቱ አንዳንድ ተማሪ ይፈልጋሉ። ዝንባሌው በመጠይቅ የተረጋገጠና የወላጅ ፊርማ ያለው። ቀነ ገደቡ ግንቦት 18።

«ወይዘሮ ፈጠነች፣ መቼም ከሦስት መቶ አሥራ ሁለት ልጅ አንድ አይጠፋም» አሉ።

«የለም» አልኩ።

«አንድም?»

«አንድም። 14ን ማንም አልነካውም።» ዓይኔን በጨው አጥቤ።

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ይገርማል። መሬቱ ራሱ ሸክላ፣ የገበያው ጀበና ሸክላ፣ የሚወደው አንድ ልጅ ይጠፋል?» አሉና ወጡ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 27

ብሩክታይት በእረፍት ሰዓት መጣች። ስለ ኮሌጁ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አንብባለች። በሩ ላይ ቆማ፣ ቀሚሷን እየጎተተች፦

«ቲቸር፣ የእኔ ውጤት ምን ይላል?»

«ማደራጀት ይላል። ጥሩ ነው። ባንክ፣ ሒሳብ ሥራ፣ ጸሐፊነት።»

ኩም አለች። «ቲቸር፣ እኔ ግን ምድጃ እሠራለሁ። ቤታችን የምንቀቅልበትን እኔ ነኝ የሠራሁት። መጀመሪያ ተሰነጠቀብኝ፣ ከዚያ ከወንዙ ዳር የሚገኘውን አሸዋ ስቀላቅልበት መሰንጠቅ እምቢ አለ። ከሰልም አይበላም። ለካስ አልችልም?»

«መቻልና ዝንባሌ ይለያያሉ» አልኳት። ይህን ሥልጠናው ላይ ተምረናል፣ ለእንዲህ ያለ ነገር ግን አልነበረም።

ትንሽ አሰበችና «እሺ ቲቸር። ፈተናው እንደዛ ካለ እሺ። እኔ እራሴን አላውቅም ማለት ነው» ብላ ሄደች።

ይህቺ የመጨረሻዋ ቃል አንጀቴን በላችው። ጮሃ፣ ተከራክራኝ ቢሆን መልስ ነበረኝ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 2

ዝናብ። ልብስ አልደረቀም። ሶልያና፦ «እማ፣ ብሩክታይት ሰሞኑን ጥፍሯን ቆርጣ ንጹሕ ሆና መጣች። ሸክላውን ትቼዋለሁ አለች። ምን ሆና ነው?» አላውቅም አልኩ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

በመምህራን ማረፊያ ሁለቱ የሳይንስ መምህራን ያወራሉ። እኔ ሻይ እጠጣለሁ።

«ያቺ የሐ ክፍሏ ምድጃ ሠሪ፣ ከነሱ ናት እንዴ?»

«ኧረ በፍጹም! የአቶ ጩማ ልጅ ናት እኮ። የእህል ነጋዴው፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው። ዘራቸው የታወቀ ገበሬ ነው። የልጅ ነገር ሆኖባት ነው እንጂ።»

«እፎይ በላ! እኔ ደግሞ አብሬያት ቆሎ በልቼ ነበር።»

ሳቁ። ሻዩ ትን አለኝ።

አቶ ጩማን አውቃቸዋለሁ፤ የእሷ አባት መሆናቸውን ግን አላወቅሁም ነበር። እሑድ እሑድ ከፊታችን ባለው አግዳሚ ይቀመጣሉ። እንግዲህ ልጅቷ ከነማንም አይደለችም። ማንም የሚያሳድዳት፣ እኔ የምሸሽግላት ነገር አልነበረም። ዝም ብላ ጭቃ የምትወድ ልጅ ናት።

ታዲያ ላጲሱ ማንን ሲያድን ነበር? ይህን ጥያቄ ሌላ ቀን እመልሰዋለሁ። ለልጄ ያልነካሁትን ወረቀት ለሌላ ሰው ልጅ ነካሁ። ይህን ግን ዛሬ ልጻፈው።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9፣ ቦዲቲ

አዬ ጋ አደርኩ። ገበያ ቀን ስለነበረ መንገዱ በባጃጅ ተጨናንቆ ነበር።

እስካሁን እዚህ ደብተር ላይ ያልጻፍኩትን ልጻፈው። እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። የእናቴ እናትም፣ የእሷም እናት። አባቴ ከሌላ ወገን ነበር፣ ልቡ ያረፈባትን አገባ፣ ዘመዶቹ አንቅረው ተፉት። ከቦምቤ ወጥተው ቦዲቲ የገቡት ማንም ወደማያውቃቸው ቦታ ነው። እኔ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አዬ ከዚያ ወዲህ ጭቃ ነክታ አታውቅም። ቅቤ ትሸጣለች። ከነማን ናችሁ ሲሉን ከቦምቤ ነን እንላለን፤ ቦምቤ ሰፊ ነው። ሚልክያስ ሲያገባኝ ሽማግሌዎቹ የአባቴን ዘር ጠየቁ፣ የአባቴን ተናገርን። የእናቴን ማንም አልጠየቀም፣ እኔም አልተናገርኩም።

ማታ በወላይትኛ ስናወራ «ጨጓራሽ እንዴት ነው?» አልኳት።

ሳቀች። «ምን ጨጓራ አለኝ! ድንጋይ ይፈጫል። አንድ ቀን ባልሽ ቢያውቅ፣ ከሸክላ ሠሪ ጋር ከአንድ ሳህን አበላችኝ ብሎ እንዳያዝንብሽ ብዬ ነው እንጂ።»

ይህን እንደማውቅ አውቅ ነበር። ሲነገር ግን ሌላ ነው። አለቀስኩ፤ እሷ አላለቀሰችም።

ስለ ብሩክታይት ነገርኳት፣ ላጲሱንም ጭምር። አልተቆጣችኝም። ስለ አሸዋው ብቻ ጠየቀችኝ። «ከወንዝ ዳር ነው ያለችው? ደቃቁን ነው ሸካራውን?» አላወቅሁም። «ማንም ሳያስተምራት?» አለችና ጣቶቿን አየች።

«አዬ፣ አንቺ ትወጂው ነበር?»

«ሥራሽ ነው ተባልኩ፣ ሠራሁ። ነውርሽ ነው ተባልኩ፣ ተውኩ። ትወጂዋለሽ ወይ ያለኝ የለም። አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።» ከዚያ ደግሞ፦ «ጭቃው ሲታዘዝልኝ ደስ ይለኝ ነበር። በጣም።»

በጣም አለች። እኔ በላጲስ ያጠፋኋትን ቃል።

ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ልጅ ምን ትወዳለህ ብዬ የጠየቅሁ ሰው ነኝ። ሐዋሳ ድረስ ሄጄ ጥያቄውን ተምሬ መጥቻለሁ። የገዛ እናቴን በአርባ አንድ ዓመቴ ጠየቅኋት። ሥልጠናው ላይ የራሴን ቅጽ ስሞላም 14ን ባዶ ነው የተውኩት።

ሰኞ፣ ግንቦት 11

አቶ ጸሐዬ ቢሮ ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ቅጹን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ።

«ይህን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። አራት ምልክት አጥፍቻለሁ። ኮሌጁ የሚፈልጋት ልጅ ይህች ናት። ቅጣቱን እቀበላለሁ፣ ልጅቷ ግን እንደገና ትሙላ።»

ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥተው አዩት። የተፋቀው ቦታ ይታያል። ለምን ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው፤ የእናቴን ነገር ሳይቀር። ከቤተሰቤ ውጪ ስነግረው እሳቸው የመጀመሪያው ናቸው።

«እኛም አገር ብረት ቀጥቃጩን ቡዳ ይሉታል» አሉ። «በልጅነቴ አንዱ ቀጥቃጭ ማረሻ ሲስል ቆሜ ስመለከት አባቴ በጆሮዬ ጎትቶ ወሰደኝ። እስከ ዛሬ የብረት ድምፅ ስሰማ እቆማለሁ።» ከዚያ መለስ አሉና ኮስተር ብለው፦ «የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እሰጥዎታለሁ። ይገባዎታል።»

ይገባኛል። እፎይታ ነው የተሰማኝ፣ አልዋሽም።

ብሩክታይት በእሳቸው ፊት እንደገና ሞላች። ያደረግሁትን ራሴ ነገርኳት። «እኔ ራሴን አውቅ ነበር ማለት ነው?» አለች። አዎ አልኳት፣ ይቅርታም ጠየቅኋት። «እሺ ቲቸር» አለች፤ ይህን «እሺ» ግን ከፊተኛው ለይቼ ሰማሁት። በእጅ መሥራት፣ ከአሥር አሥር።

የቀረው የአባቷ ፊርማ ነው። ምሳ ሰዓት ቤት ሄዳ ስትጠይቃቸው ቅጹን መልሰው ወረወሩላት። አቶ ጩማን ማነጋገር የእኔ ሥራ ነው፤ በቃለሕይወት አባት ጊዜ እንዳደረግሁት። ልዩነቱ፣ ያን ጊዜ የማጣው ነገር አልነበረም፤ አሁን ግን የእናቴን ነገር ሳልናገር አላሳምናቸውም። አቶ ጩማ የሚሰሙት ነገር እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል። ስለዚህ መጀመሪያ ሚልክያስ ከእኔ ይስማ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13

ነገርኩት። እራት ከተበላ በኋላ፣ ሶልያና ባለችበት። ለእሷም ነው ብዬ።

በደንብ ነው የተቀበለው። ተነሥቶ ወጣና ጓሯችን ያለችውን የአቮካዶ ዛፍ ማጠጣት ጀመረ። ውጭ ዝናብ ይዘንባል። ሁለት ባልዲ አጠጣት።

ሶልያና «ታዲያ ሴት አያቴ ጀበና መሥራት ትችላለች?» አለችኝ። ትችላለች አልኳት። «እና ለምንድን ነው የምንገዛው?» አለች። በቃ፣ የልጄ ጥያቄ ይኸው ነው።

ዓርብ፣ ግንቦት 15

ሚልክያስ ትናንት «ጨው» አለ። ዛሬ «ጃንጥላው የት ነው?» አለ። እየተሻሻለ ነው።

ማለቂያ የሌለው ዝምታ አልወድም። አሥራ ሰባት ዓመት ዝም ያልኩት ግን እኔ ነኝ፣ ሁለት ቀን ይፈቀድለት።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16

ወደ ሁምቦ በሚወስደው መንገድ፣ አቶ ጩማ ቤት። ባጃጁን ሚልክያስ ጠራልኝ። ልሄድ ስል «ብቻሽን ነሽ?» አለኝ። አዎ አልኩ። «በርቺ» አለ። አንድ ቃል ናት፤ ይዣት ሄድኩ።

አቶ ጩማ በክብር ተቀበሉኝ። ሴትና ወንድ በማይለይ አማርኛቸው ነው የሚያናግሩኝ፣ ከቢሮ የመጣ ሰው ነኝና። ባለቤታቸው የተቀቀለ ጎደሬ ከዳጣ ጋር በአንድ ትልቅ ሳህን አቀረቡልን። ብሩክታይት በሩ ጋ ቆማለች።

«ቲቸር፣ ልጄ ጎበዝ ነው። ሒሳብ ይችላል፣ ሁሉን ይችላል። እኔ ዶክተር አድርጉልኝ ብዬ ሰጠኋችሁ። እናንተ ጭቃ ታደርጉልኛላችሁ?»

ስለ ኮሌጁ አስረዳሁ። ስለ ሦስቱ ዓመት፣ ስለ ማጣሪያው፣ ስለ ላቦራቶሪ ዕቃው። እየጎረሱ በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ ወደ ወላይትኛ ዞሩ፤ ነገሩ እውነተኛ ቦታው ደረሰ ማለት ነው።

«ቲቸር፣ እውነቱን ልንገርዎት። እኛ ከነዚያ ሰዎች አይደለንም። አባቴ ገበሬ፣ አያቴ ገበሬ። ልጄ ሸክላ ስትሠራ ያየ ሁሉ ከነሱ ናት ይላል። ማን ያገባታል? ማን ከሳህኗ ይጎርሳል? እርስዎ ራስዎ እናት ነዎት። ልጅዎን እዚያ ይሰዷታል?»

እጄ ሳህኑ ውስጥ ነበር፣ የእሳቸውም።

«አቶ ጩማ» አልኩ፣ «እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። የእናቴም እናት።»

እጃቸውን ከሳህኑ አነሡ። ቀስ ብለው ነው ያነሡት፣ ራሳቸውም ያወቁት አይመስለኝም። ጣታቸው ላይ ዳጣው እንዳለ ነው።

«ሚልክያስ ያውቃል?»

«ያውቃል።» ሦስት ቀኑ ነው አላልኩም።

ቀጠልኩ። «የሸክላ ሠሪ ልጅ ሆኜ ልጅዎን ሳስተምር ምንም አልሆነችም። የገበሬ ልጅ ሆና ሸክላ ብትሠራ ምን ትሆናለች? እኔ ወረቀቷ ላይ የጻፈችውን በላጲስ አጥፍቼባት ነበር፣ ልክ እርስዎ ያሉትን ፈርቼ። 'እኔ እራሴን አላውቅም ማለት ነው' አለችኝ። ይህን ከልጅ አፍ እንደ መስማት የሚከብድ ነገር የለም፣ አቶ ጩማ። እርስዎ እንዳይሰሙት ነው የመጣሁት።»

የተናገሩት ባለቤታቸው ናቸው፣ ከማዕድ ቤቱ በር። «ይህ ጎደሬ የተቀቀለው በእሷ ምድጃ ነው። ሁለት ዓመት በላህበት። መረረህ?»

አቶ ጩማ ሚስታቸውን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ። ብሩክታይት አልተንቀሳቀሰችም፣ ግን አንገቷን አልደፋችም። «ይህ ኮሌጅ» አሉ በመጨረሻ፣ በአማርኛ፣ «ወረቀት ይሰጣል? ማኅተም ያለው?»

«ይሰጣል።»

«እስክሪብቶ አምጪ» አሏት ልጃቸውን። ጣታቸውን ጠራርገው ፈረሙ፤ በረጅሙ፣ የሽማግሌ ፊርማ።

እጃቸውን ግን ወደ ሳህኑ አልመለሱም። ባለቤታቸው መጡና ዳጣውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። ጎደሬውን ብቻዬን ጨረስኩት፤ አንድ አላስተረፍኩም። በደንብ የበሰለ ነበር።

እሑድ፣ ግንቦት 17

ቤተ ክርስቲያን። አቶ ጩማ ከፊታችን፣ እንደ ወትሮው። ሁለት ሴቶች ሰላምታቸውን ከሩቅ አደረጉት፤ ሌሎቹ እንደ ድሮው አቀፉኝ። ቆጥሬያለሁ። ሚልክያስ ወደ እኔ ተጠግቶ ተቀመጠ፣ መዝሙሩንም ከወትሮው ከፍ አድርጎ ዘመረ። ድምፁ ጥሩ አይደለም።

ሰኞ፣ ግንቦት 18

ቅጹ ኮሌጁ ገባ። በእጄ አስረከብኩ፣ ማኅተም አስመታሁ። ለአቶ ጸሐዬ ደግሞ ሐሳብ አቀረብኩ፦ መጠይቁ ለሦስት መቶ አሥራ አንዱም እንደገና ይሰጥ፣ 14 ሳይዘለል። «ይደክሙበታል» አሉ። ልድከም።

ዓርብ፣ ግንቦት 22

እንደገና ተሞላ። አሁንም የሳቀ አለ። ግን ከመጀመሬ በፊት «የእናቴ ሥራ ነው፣ የሚሳቅበት ካለ እኔን አይቶ ይሳቅ» አልኩ። ጭጭ። ስምንት ልጆች 14 ላይ ምልክት አድርገዋል። አንዷ ሶልያና ናት። የእሷን አሁንም አቶ ጸሐዬ ናቸው ያረሙት፤ እኔ የሰማሁት ከእሳቸው ነው። በልቤ የመረጥኩላት ሕክምና ይቆየን።

እሑድ፣ ሰኔ 1

ሚልክያስ ጠዋት ሳይነግረኝ ወጣ። እኔ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አዬ ሳሎን ተቀምጣለች። ቦዲቲ ድረስ ሄዶ ራሱ አምጥቷታል። ከረጢት ሙሉ ጭቃም አብረው ጭነው መጥተዋል፤ ብሩክታይት ከሰዓት ልትመጣ ነው፣ ስለ አሸዋው ሊነጋገሩ። ሶልያና ከወዲሁ እጅጌዋን ሰብስባለች።

ምሳ ሲቀርብ አዬ እንደ ልማዷ ሳህኗን ይዛ ወደ ጥጓ ልትሄድ ተነሣች። ሚልክያስ ሳህኑን ከእጇ ተቀበላት። የያዘውን ወደ ትልቁ ሳህን ገለበጠና በርጩማዋን አምጥቶ ከጎኑ አደረገ። ያ ሰው በዚህ ወር የተናገረው ቢሰበሰብ ግማሽ ገጽ አይሞላም። አጎረሳት።

አዬ ጉርሻውን ተቀበለች። አላመጠች። ከዚያ እጇን ወደ ሳህኑ ሰደደች፣ ትልቁን ቁራጭ ሥጋ መርጣ አነሣች፣ ለእሱም አጎረሰችው።

ሁለት ጊዜ አስጨምራ በላች። ጨጓራዋ ዛሬ ደህና ነበር።